የአንድ ክብሪት ክረምት

«በዚህ ብርድ እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ እያሰጡ መስኮት ዘግቶ መቀመጥ ግድግዳ ያበሰብሳል፤ ይኼ ምርምር አያስፈልገውም። ማስታወቂያውን ማታ ስብሰባው ላይ አነበዋለሁ፣ ነገ ደረጃው ላይ ይለጠፋል። ብቻ በግል እንዳትይዥብኝ፣ ትሪኑ።»

እንዲህ የሚለው የነዋሪዎች ማኅበሩ ሊቀመንበር አይቫር ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ የትሪኑ በር ላይ ቆሞ። የትሪኑ አባት ጋሽ ኤቫልድ የምድጃ አመድ በባልዲ ይዘው ከምድር ቤት እየወጡ ነበርና ሳይፈልጉ ሰሙ። ልጃቸው ምን ብላ ልክ ልኩን እንደምትነግረው ለመስማት ባልዲውን ቀስ ብለው አስቀምጠው ጠበቁ። ትሪኑ በሰባት ዓመቷ ያለአግባብ በተቀነሰባት ግማሽ ነጥብ ከአስተማሪዋ ጋር ሳምንት ሙሉ የተሟገተች፣ አድጋም የምትሠራበትን መድኃኒት ቤት ባለቤት ሁለት ጊዜ ይቅርታ ያስጠየቀች ሴት ናት።

«እሺ» አለች ትሪኑ። በሩም ተዘጋ።

ጋሽ ኤቫልድን የረበሻቸው ክሱ አይደለም፤ አይቫር ሥራው ወረቀት መለጠፍ ነው። የረበሻቸው ያቺ «እሺ» ናት። ልጃቸውን ያውቋታል፣ ወይም ያውቋታል ብለው ያስባሉ፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ እኮ አባትና ልጅ እሳቸው ታች እሷ ላይ፣ አንድ ጣራ ስር እየኖሩ፣ ስለ ዳቦና ስለ በረዶ ካልሆነ በቀር ተነጋግረው አያውቁም። ያኔ ጋሽ ኤቫልድ እንጨት ተሸክመው ግቢው ውስጥ በረዶ አዳለጣቸውና ወደቁ። ትሪኑ ሆስፒታል አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብላ «አባዬ፣ የምድጃውን ክፍል ቁልፍ ለሌላ ሰው ስጥ፤ ሰባ አምስት ዓመት ሞላህ» አለቻቸው። የተባለው ይኸው ነው። ጋሽ ኤቫልድ ግን እጅህን ቆርጠህ ስጥ የተባሉ ያህል ተሰማቸው፤ ቁልፉን ከዚያ ቀን ጀምሮ በክር አንገታቸው ላይ አሰሩት።

አይፈረድባቸውም። ኢስቶኒያ፣ ታርቱ ከተማ ውስጥ፣ ካርሎቫ ሰፈር መጥቶ ያ አረንጓዴ የእንጨት ቤት የትኛው ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው «የአንድ ክብሪቱ ኤቫልድ ቤት» ተብሎ ነው የሚነገረው። ምድር ቤት ሆኖ ለስድስቱም አባወራ ሙቅ ውኃ በቧንቧ የሚልከውን የእንጨት ምድጃ አሥራ ዘጠኝ ክረምት ያነደዱት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ውርጭ ሲጥል አንድ ክብሪት ይጭራሉ፤ ያ እሳት ዛፎቹ ቅጠል እስኪያወጡ ድረስ አይጠፋም። ማታ ማታ ፍልጡን ይደረድሩና የአየር መግቢያውን ጠበብ አድርገው፣ ፍሙን በአመድ ዳፍነው ያሳድሩታል፤ ጠዋት ገልጠው ይቀሰቅሱታል። የተጫረችውን ክብሪት ደግሞ አይጥሏትም። የምድጃው ክፍል አግዳሚ እንጨት ላይ ይሰኳታል። አሥራ ዘጠኝ አናታቸው የጠቆረ ክብሪቶች እዚያ ተሰልፈዋል። የሌላ ሰፈር ሰዎች ሳይቀሩ መጥተው አይተዋቸዋል፤ አንዱማ ፎቶ አንስቷል።

ባለፈው መስከረም ማኅበሩ አሮጌውን ምድጃ አስወጥቶ አዲስ አስገባ፤ ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ ከጎኑ ሁለት ትልልቅ የሙቅ ውኃ ታንከር ያለው። የገጠመው ሰውዬ ጋሽ ኤቫልድን ጠርቶ አሳያቸው። «ይኼ እንደ ድሮው አይደለም፤ ይሞሉታል፣ አየሩን ከፍተው በደንብ እንዲነድ ይለቁታል፣ አልቆ ሲጠፋ ይተዉታል። ሙቀቱን ታንከሮቹ እስከ ነገ ይይዙታል። ብቻ እንዳያፍኑት» አላቸው። ጋሽ ኤቫልድ በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ። በልባቸው ግን ይኼ ልጅ እሳት ያየው በሥዕል ነው አሉ። ከዚያም የመጀመሪያው ውርጭ ሲጥል አንዷን ክብሪት ጫሩ፤ ማታም ዳፈኑት።

በዚያው ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ግማሽ ጥቁር ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው ወደ ልጃቸው ቤት ወጡ። ዳቦው ሰበብ ነው። ጣራው ሥር ያለችው ክፍል ኮርኒሷ ዘመም ያለ ስለሆነ ረጅም ሰው ጎንበስ ማለት አለበት፤ ጋሽ ኤቫልድ ደግሞ ረጅም ናቸው። አልጋው ግድግዳውን ሸሽቶ ወለሉ መሐል ቆሟል። የጭስ ማውጫው በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ ሰማያዊ አበባ ያለው ወረቀት ከላይ እስከ ወገብ ድረስ የወፈረ ሻይ የፈሰሰበት መስሏል፤ አንዳንድ ቦታ አብጦ ተልጧል። ልብስ ማስጫው ታጥፎ ከበሩ ጀርባ ቆሟል፣ እግሩ ላይ የሸረሪት ድር አለ። ጥግ ላይ ከልብስ ማጠቢያ ቤት የመጣ ከረጢት ተቀምጧል፤ ውስጡ ተጣጥፎ የደረቀ ልብስ።

«ልብስ ውጪ ነው የምታሳጥቢው?» አሉ።

«ከገና በፊት ጀምሮ። ሻይ ላፍላልህ?»

«ታዲያ ለምን እሺ አልሽው?»

ትሪኑ ዳቦውን ቆረጠች፣ ቅቤ ቀባች፣ ከቆርቆሮ ያወጣቻትን ትንሽ ዓሣ ከላይ አጋደመች። «አባዬ፣ ወረቀት ነው እኮ። ተለጥፎ ይነሳል። ብላ።»

ጋሽ ኤቫልድ አልበሉም። ወደ ግድግዳው ሄዱና አፍንጫቸውን አስጠጉ። የሻገተ ግድግዳ ምን እንደሚሸት ያውቃሉ፤ ይኼ እሱ አይደለም። በጣታቸው ነካ አድርገው ቀመሱት። ኮምጣጤና ምሬት፣ ከኋላው ደግሞ በጭስ የደረቀ ሥጋ። ልጅ ሆነው እናታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያነዱት የገጠር የእንፋሎት መታጠቢያ፣ የሳውና ግድግዳ እንዲህ ነበር የሚሸተው፤ ያ ሳውና ጭስ ማውጫ አልነበረውም። ይህ ቤት ግን አለው።

«ይኼ የልብስ ውኃ አይደለም። ጭስ ነው» አሉ።

ትሪኑ ካፖርቷን ለበሰች፤ ሥራ የምትገባው በአምስት ሰዓት ነበር፣ ገና ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ነበራት። ዓይናቸውን ሳታይ አዝራሯን አንድ በአንድ ቆለፈች። «ሻይህ ይቀዘቅዛል» ብላ ወጣች። እንዲህ ነው የእነዚህ ሰዎች ጠብ፤ ድምፅ የለውም፣ ሳህን አይሰበርበትም፣ ዓመት ግን ይቆያል።

ጋሽ ኤቫልድ ሻዩን ቆመው ጠጡና ባትሪ ይዘው በመሰላል ከክፍሏ ኮርኒስ በላይ፣ ወደ ጣራው ሥር ወጡ። እዚያ ውጪውና ውስጡ እኩል ይበርዳል። በ1911 የተገነባው የጡብ ጭስ ማውጫ ወለሉን በስቶ ጣራውን በስቶ ይወጣል፤ አንድ ሰው አቅፎ የማይጨርሰው ነው። ባትሪውን ሲያበሩበት አብለጨለጨ። ጡቦቹ ጠቁረው ያልባቸዋል፣ በመጋጠሚያቸው ጥቁር ጠብታ ይወርዳል፣ የመጥረጊያዋ ትንሽ የብረት በር ስር ደግሞ ባልዲ ተቀምጧል። ባልዲው ግማሽ ድረስ እንደ ሬት በመረረ ጥቁር ውኃ ተሞልቷል። ባልዲውን አወቁት። ነጭ፣ ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር ያለው፤ ትሪኑ እዚህ ቤት ስትገባ ሟች ባለቤታቸው የገዛችላት ነው።

በርከክ ብለው ብዙ ቆዩ። ልጃቸው ታውቃለች ማለት ነው። በየማታው መሰላል ወጥታ የእሳቸውን ጥቁር ውኃ እየደፋች፣ ቀን ደግሞ በልብስ ማስጣት ትከሰሳለች። ይህ ሲገባቸው መጀመሪያ የመጣባቸው ንዴት ነው፤ እንደ ሕፃን ልትሸከመኝ ማን ጠየቃት የሚል ንዴት። ቀጥሎ የመጣው ግን ስም አልነበረውም። ስብሰባው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ዝም ቢሉ ወረቀቱ በልጃቸው ስም ይለጠፋል፣ ቢናገሩ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ክብሪታቸው የሰፈር ቀልድ ይሆናል። ለዚህ ቤት ከእሳቱ ሌላ ምን አላቸው?

ስልክ አውጥተው ጭስ ማውጫ ጠራጊዋን ካይዲን ጠሯት። ቀጣዩ መንገድ ላይ ነበረች፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ሽቦና ብሩሽ ትከሻዋ ላይ ጠምጥማ መጣች። አንደኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ሳልሜ በመስኮት ሲያዩዋት፣ ጭስ ማውጫ ጠራጊ አይቶ አዝራር የያዘ ዕድል ይቀናዋል በሚለው ልማድ የሹራባቸውን አዝራር ያዙ። ካይዲ አሳቀቻቸውና ጣራ ላይ ወጣች፤ ቴርሞሜትር በሽቦ አስራ ከጭስ ማውጫው አፍ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ አወረደች። ጋሽ ኤቫልድ በጣራው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው ይጠብቃሉ።

«ስንት ይላል?»

«ሠላሳ አራት።»

«ስንት ማለት ነበረበት?»

«ከሰባ በታች ከሆነ ያልበዋል፣ ጋሽ ኤቫልድ። ጭስ ውስጥ ውኃ አለ። ሞቆ ከመጣ ውኃውን ይዞ ይወጣል፤ ደክሞ ከመጣ እዚሁ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ማነው የሚያነደው?»

«እኔ ነኝ።»

ካይዲ ሽቦውን ጠቀለለች፣ ፈታች፣ እንደገና ጠቀለለች። «ትሪኑ ከገና በፊት ደውላልኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «እንዳትነግሪው ብላኛለች፣ እኔ ግን ውሸት አይሆንልኝም። አባዬን ሳይነኩ ጭስ ማውጫውን ማድረቅ ይቻላል ወይ ብላ ነው የጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«አይቻልም አልኳት።»

ጋሽ ኤቫልድ ወደ ግቢው፣ ልክ በልክ ወደ ተደረደረው የበርች ዛፍ ፍልጣቸው ተመለከቱ። የደረቀ ነው፤ ሁለት በጋ ፀሐይ ያየ። በእንጨት ማሳበብ አይችሉም። ከዚህ ቤት ማንም በትንሽ እንጨት እንደሳቸው ረጅም እሳት አላቆየም፤ የቤቱን ግድግዳ የበላውም ይኸው ቁጠባቸው ነው።

«አሁን ምን ይደረግ?»

«መጀመሪያ መጥረግ አለብኝ። ውስጡ የያዘው ጥቀርሻ እንዲህ ሆኖ ትልቅ እሳት ቢለቁበት ራሱ ጭስ ማውጫው ይቀጣጠላል። ጣራ ሥር ያለውን ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት እሳት በማይበላው መጠቅለያ እናለብሰዋለን፣ ብርድ እንዳይነካው። ከዚያ በኋላ አፍኖ ማሳደር የለም፤ ሙሉ ይነድዳል፣ ያልቃል፣ ይጠፋል።» ካይዲ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረች። «ለመጥረግ እሳቱ መጥፋት አለበት። ከፈለጉ እኔ አወጣዋለሁ።»

«አትንኪው» አሉ ጋሽ ኤቫልድ። «የራሴን እሳት ራሴ አወጣለሁ።»

አራት ጊዜ ተመላለሱ። ፍሙን በአካፋ እያፈሱ በብረት ባልዲ እየሞሉ ግቢው በረዶ ላይ ደፉት፤ እያንዳንዱ ባልዲ ጩኸት አሰምቶ፣ ነጭ እንፋሎት አንስቶ፣ ጥቁር ጉድጓድ ትቶ ቀረ። እትዬ ሳልሜ በመስኮት አይተው ሹራባቸውን ጥብቅ አደረጉ። የአይቫር ሚስት የገበያ ዘንቢሏን ይዛ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ጋሽ ኤቫልድ ማንንም ቀና ብለው አላዩም። ዓይናቸው የቀላው በጭሱ ነው እንበልና እንለፈው። የመጨረሻውን ባልዲ ሲደፉ ግን ጀርባቸው ቀጥ ብሎ ነበር።

የዚህ ቤት ስብሰባ ከድሮም የሚደረገው ምድጃው ክፍል ነው፤ ከቤቱ ሁሉ ሞቃቱ እሱ ስለሆነ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነዋሪዎቹ በርጩማቸውን ይዘው ወረዱ። ካይዲ ከቀትር ጀምሮ ሁለት ከረጢት ሙሉ ጥቀርሻ አውርዳ፣ ፊቷን ታጥባ፣ እትዬ ሳልሜ የሰጧትን የገብስ ቂጣ ትበላለች። ክፍሉ ውስጥ የለመዱት የምድጃው ማጉረምረም የለም። ሁሉም ይኼን ሰማ፤ የማይሰማ ድምፅ ከሚሰማው ይልቅ ጆሮ ይይዛል።

«ኤቫልድ» አሉ እትዬ ሳልሜ ፈራ ተባ እያሉ፣ «እሳቱ ጠፋ እንዴ?»

«አልጠፋም። አጠፋሁት።»

ትሪኑ ከሥራ ስትመጣ ካፖርቷ ላይ በረዶ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። አይቫር ጉሮሮውን ጠርጎ ወረቀቱን ዘረጋ። «አጀንዳ አንድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን የእርጥበት ጉዳት በተመለከተ፣ ጉዳቱ የደረሰው ነዋሪዋ...»

«አምጣው» አሉ ጋሽ ኤቫልድ እጃቸውን ዘርግተው።

«ጋሽ ኤቫልድ፣ ሥነ ሥርዓት አለ፤ ተነቦ ከተጨረሰ በኋላ ነው አስተያየት የሚሰጡት።»

«አስተያየት አይደለም። ያንተ ወረቀት ውሸት ይላል፤ አንተ ሳታውቅ ነው፣ አልቀየምህም። አምጣው።»

አይቫር ሰጣቸው። ምን ያድርግ፤ ሽማግሌው ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ነበር፤ ያ ቁልፍ ከአንገታቸው ወርዶ ያየ ሰው የለም።

ጋሽ ኤቫልድ ቆሙ። ንግግር አያውቁበትም። «ይኼን ቤት አሥራ ዘጠኝ ክረምት ያሞቅኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አንድም ቀን በእኔ ምክንያት የበረደው ሰው የለም፤ ካለ ይናገር።» ሁሉንም በየተራ አዩ። «የትሪኑን ግድግዳ ያበሰበስኩትም እኔ ነኝ። አዲሱን ምድጃ እንደ አሮጌው ዳፈንኩት። እንዳታፍነው ተብያለሁ፣ አልሰማሁም። ጭሱ ደክሞ ወጣ፣ ውኃውን በልጄ አልጋ ላይ ጣለው። ልጄ ደግሞ አወቀችና ዝም አለች፤ ባልዲ ስትደፋ ከረመች። እናንተ ፊት እንዳላፍር ብላ ጥፋቴን ለበሰችው።» ድምፃቸው እዚህ ላይ ተሰበረ፤ ጠበቁት፣ ተመለሰ። «አላፈርኩም። እንዲህ ያለች ልጅ ያለው ሰው በምን ያፍራል? ቁልፉ ይኸው። ለሌላ ሰው ብትሰጡት መብታችሁ ነው። ብትተዉልኝ ደግሞ እንደ አዲስ እማራለሁ።»

ማንም ቁልፉን አልነካውም። እትዬ ሳልሜ ነበሩ በመጨረሻ በአንድ ጣታቸው ወደ ጋሽ ኤቫልድ መለስ ያደረጉት። «እንካ፣ አንተ፤ ብርዱ ገባ» አሉ።

ጋሽ ኤቫልድ ምድጃው ፊት በርከክ አሉ። ቀጫጭኑን ፍልጥ አቋርጠው ደረደሩ፣ የአየር መግቢያውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። የአይቫርን ወረቀት ሁለት ጊዜ አጥፈው ከሥር ሰደዱት። ከዚያ ክብሪቱን ለትሪኑ ሰጧት።

«እኔ?»

«አንቺ። እኔ ልማድ አለብኝ።»

ትሪኑ ከአባቷ አጠገብ ተንበረከከችና ጫረች። ወረቀቱ ያዘ፣ ፍልጡ ያዘ፣ ጋሽ ኤቫልድ በማያውቁት ድምፅ ምድጃው ጮክ ብሎ መተንፈስ ጀመረ። እጃቸው ሁለት ጊዜ ወደ አየር መግቢያው ሄዶ ሁለቴም ባዶውን ተመለሰ። ልጃቸው አየች፣ ግን ምንም አላለችም። ይህኛው ዝምታ የዓመቱ ዝምታ አይደለም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ስለ ደረጃው አምፖልና ስለ በረዶ ጠረጋ ተራ ተነጋግረው ሲጨርሱ፣ ካይዲ ጣራ ላይ ወጥታ ቴርሞሜትሯን አይታ ተመለሰች። «ሰባ አራት» አለች ከበሩ። እትዬ ሳልሜ ቁጥሩ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አጨበጨቡ፤ የአይቫር ሚስት ተከተለች።

ሰዎቹ በርጩማቸውን ይዘው ወጡ። ትሪኑ አሁንም አናቷ የጠቆረችውን ክብሪት በጣቶቿ መሐል ይዛ ነበር። ወደ አግዳሚው እንጨት ጠጋ አለችና ከአሥራ ዘጠኙ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ቦታ በአውራ ጣቷ ፈለገች።

«ተይው፣ ጣያት» አሉ ጋሽ ኤቫልድ፣ ከእሳቱ ዓይናቸውን ሳያነሱ፤ ድምፃቸው ውስጥ አንድ የሚኩራራ ነገር ነበር። «ነገም ይጫራል፣ ከነገ ወዲያም ይጫራል። ከእንግዲህ የዚህን ቤት ክብሪት ሁሉ ለመሰካት አግዳሚው አይበቃም።»

«እሺ» አለች ትሪኑ። ክብሪቷንም ካፖርት ኪሷ ከተተቻት።